ባሕር ዳር ላይ በአነስተኛ ገቢ፣ ሰውንም ውኃንም ሳይጎዱ መልበስ

ልብስ ርካሽ ነው ወይም ውድ ነው የሚባለው ባገለገለበት ዘመን ተሰልቶ ነው። በእጥፍ ዋጋ ተገዝቶ አምስት ክረምት የከረመ ሱሪ፣ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ጉልበቱ ከሳሳው ሱሪ ይልቅ ለኪስ ይበጃል። የቤት ኪራይና የአስቤዛ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት በባሕር ዳር ለሚኖር ተማሪ ወይም ደመወዝተኛ ይህ ስሌት ዋና መመሪያ ሊሆን ይገባል፤ ደግነቱ ረጅም ዘመን የሚያገለግለው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ለሠራው ሰውም ለጣና ውኃም የሚሻለው ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከገበያ በፊት ከራስ ሻንጣ ነው። ያለውን ልብስ ሁሉ አውጥተው አልጋ ላይ ይዘርጉና የሚለበሰውን፣ ጥገና የሚሻውንና ጨርሶ የማይሆነውን ይለዩ። ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬትና ስፌቱ የተተረተረ ሱሪ የሰፈር ልብስ ሰፊ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሳቸው ናቸው። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝም ኮሌታው ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ቢሰፋ ያልተነካው ገጽ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ሌላ ዘመን ይለበሳል፤ ይህን የሚችሉ ልብስ ሰፊዎች አሁንም አሉ፣ ነገር ግን ካልተጠየቁ በራሳቸው አያነሡትም። የሳሳ ጉልበት ከመቀደዱ በፊት ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ሱሪ የተቆረጠ ጨርቅ ተደርጎለት ቢሰፋ ጥገናው ከውጭ እምብዛም አይታይም። የተጣፈ ልብስ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣውን ጥፎ ሲለብስ ግን ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

ከጥገናው በኋላ በእውነት የጎደለው ነገር ሲታወቅ ወደ መግዛት ይታለፋል። እዚህ ላይ የአየሩን ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ለደብረ ማርቆስ ማታ የግድ የሆነ ወፍራም ልብስ ባሕር ዳር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ሊከርም ይችላል። ባሕር ዳር ላይ ላብ የሚመጥ ቀላል የጥጥ ልብስ ይመረጣል።

ጨርቁ ጥጥ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በሻጩ ቃል ብቻ መተማመን አያስፈልግም። ከስፌቱ ውስጠኛ ትርፍ ላይ፣ ሻጩን አስፈቅደው፣ አንድ ክር ይምዘዙና ጫፉን በክብሪት ያቃጥሉ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካም ብን የሚል ለስላሳ ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ከእሳቱ ሸሽቶ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም በጣት የማይፈጭ ጥቁር ጠጠር ይተዋል። የሁለቱም ምልክት ከታየ ቅይጥ ነው። ሬዮን የሚባለው ከእንጨት የሚሠራ ጨርቅም እንደ ጥጥ ስለሚነድ ይህ ሙከራ ከጥጥ አይለየውም፤ ሬዮን ሲረጥብ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ክሩን አርጥቦ በመጎተት መፈተን ይቻላል። ጥጥም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም፤ ብዙ ውኃና ብዙ ፀረ ተባይ የሚፈልግ ሰብል ነው። ለዚህም ነው ከዓይነቱ ይልቅ ዕድሜው ይቅደም የምለው።

የዕለት ልብስ የሚፈልግ ሰው የአገር ውስጥ ፋብሪካ የጥጥ ጨርቅ በሜትር ገዝቶ ለልብስ ሰፊ ቢሰጥ በልኩ የተሰፋ፣ ውስጡ ለማስፋትና ለማስረዘም ትርፍ የተተወለት ልብስ ያገኛል። ከተማዋ ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት።

የአገር ልብስ ሲሆን ግን ነገሩ ሰፋ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሠራውን ሰው ፊት ለፊት ማግኘት ይቻላል። በመደብር የተዘጋጀውን ከመግዛት ይልቅ ፈትሉን ለብቻ፣ ሽመናውን ለብቻ ማሠራት የቆየና አሁንም የሚያዋጣ መንገድ ነው። ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ በእጃቸው ከሚፈትሉ እናቶች ይገዙታል፣ ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን፣ ከሱቅ ይጨምሩበታል፣ ሁለቱንም ለሸማኔ ወስደው የእጁን ዋጋ ይነጋገራሉ። በዛሬው ልማድ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑ የተለመደ ነው፤ ዋናው ነገር አስቀድሞ መነጋገሩ ነው። «ጋሼ፣ ማጉ የእጅ ነው ወይስ እሱም የፋብሪካ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስቀይምም። እጅ የፈተለው ማግ ወፈር ቀጠን ያለ ስለሆነ ጨርቁ በብርሃን ሲታይ ይለያል። ጥለቱንም ገልብጠው ይዩት፤ በእጅ የተሠራው ከጀርባው የክሩን መሄጃ ያሳያል፣ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው። የታተመው ጨርቅ ዋጋው ዝቅ ያለው ሸማኔውም ፈታይዋም ስለሌሉበት ነው።

በዋጋ ክርክሩ ላይ ልክ ይኑርዎት። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ማግ ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ባዘቶ (ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ) በእንዝርት ለሚያሽከረክሩ እናት ሥራው ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት የሚሠራ የሳምንታት ልፋት ነው። የማጉን ዋጋ አስቀንሶ በጥለቱ ላይ የሚያፈስ ገዢ ልፋቱ የት እንዳለ አላየም። ጥለቱ ይጥበብ፣ ማጉ ግን ጥሩ ይሁን፤ እንዲህ ያለው ጋቢ ደግሞ ለዘወትርም ለክብርም ይሆናል። ሸማኔው ቤት ሲሄዱ የሽመና ዕቃው ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነም ልብ ይበሉ፤ በትምህርት ሰዓት ሕፃን ልጅ ሲሸምን ካዩ ሥራውን ለሌላ ይስጡ። ቀብድ ከፍለው የሚረከቡበትን ቀን ከተስማሙ በኋላ በየሁለት ቀኑ እየደወሉ ማጣደፍ ደግሞ ልቅ ሽመና ማዘዝ ነው።

ጊዜውም ዋጋ አለው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ብዙ ሰው በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ላይ ወደ ገበያ እንዲጎርፍ አድርጓል፤ በዚያን ጊዜ ዋጋው ይንራል፣ ሥራውም ይጣደፋል። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ፣ የፋሲካ ገበያ ሳይሞቅ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንታት ያዘዘ ሰው ሸማኔውን ፋታ ላይ ያገኘዋል።

ስለ ሰልባጅ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ጨርቁ ጠንካራ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ መሆኑ አይካድም፤ ያገለገለ ልብስ እንደገና መልበስም በራሱ መልካም ነው። ይሁንና ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ ገበያ ላይ ያለው በኮንትሮባንድ የሚመጣ ነው። ያገለገለ ልብስ የሚፈልግ ሰው ከዘመድና ከጓደኛ ጋር ቢለዋወጥ ይሻለዋል፤ የታላቅ ወንድም ኮት ትከሻው ከገጠመ ጎኑን ማስጠበብ ቀላል ነው፣ ትከሻው ካልገጠመ ግን ገንዘብ አያባክኑበት።

አጠባቡ ላይ ደግሞ የጣና ጉዳይ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስቸገረው እንቦጭ የተባለ መጤ አረም ከመሬትና ከከተማ በሚታጠብ ንጥረ ነገር ይፋፋል፤ የአንዳንድ ሳሙና ፎስፌትም ከዚያው ይቆጠራል። ስለዚህ ከሐይቁም ሆነ ከዓባይ ዳር አይጠቡ፤ ውኃውን በሳፋ ቀድተው ከዳርቻው ርቀው ይጠቡ፣ እጣቢውንም መሬት ላይ ይድፉ። ጋቢና ነጠላ ቆሻሻ ካልነካቸው በየሳምንቱ መታጠብ የለባቸውም፤ አራግፎ ፀሐይ ማስመታት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፖሊስተር በታጠበ ቁጥር ደቃቅ የፕላስቲክ ክር ወደ ውኃ ስለሚለቅ አጥብቆ ማሸት አይገባም።

ነጭ የጥጥ ልብስ በእንዶድ ማጠብ የሚቻል ነው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ በሚወጣው አረፋ ልብሱ ይታሻል። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ግን የትም ይደፋል ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው፤ የቢልሃርዝያ ምርምራቸውም የተነሣው ከዚያ ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢው ወደ ጣና መግባት የለበትም።

ጨርሶ የማይለበሰውም ሥራ አለው። ያረጀ ጋቢ ለስላሳ ስለሆነ ለአራስ መጠቅለያ፣ ቀጥሎም ለመወልወያ ይሆናል። ወፍራም ሱሪ እግሩ ተቆርጦ ታችኛው አፉ ቢሰፋ፣ ማንጠልጠያም ቢደረግለት ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ተሸክሞ በብስክሌት እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ የፌስታልንም ወጪ ያስቀራል። የፖሊስተር ቁርጥራጭ ግን ምድጃ ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ቆራርጠው የትራስ መሙያ ያድርጉት።