በልግ ሲገባ፦ መደብ፣ የዳብ ሸክላና አጭር ሞገድ

የካቲት ሲጋመስ የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት በጉም ይጠመጠማል። ያኔ ደሴ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። መስከረም የአበባ ወር ነው፣ አልክድም። ለእኔ ግን ዓመቱ የሚታደሰው የጥር ውርጭ አልፎ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ነው።

ሥራዬ ሬዲዮ መጠገን ነው። ጓሮዬ ከቤቱ ጀርባ ስምንት ሜትር በስድስት የሆነች ተዳፋት መሬት ናት። ከአሥር ዓመት በላይ የበልግ ቅዳሜና እሁዶቼን እዚያው ነው የማሳልፈው። ቀን ዳብ የሚባለውን ሙዚቃ ከሸክላ (ከሙዚቃ ዲስክ) እየሰማሁ እኮተኩታለሁ። አመሻሽ ላይ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከፍቼ ውሃ አጠጣለሁ። እንዴት እንደሚደረግ ደጋግመው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ነው የምጽፈው።

ከአፈሩ ልጀምር። ዝናቡ እንደጣለ ዶማ ይዛችሁ አትሩጡ። አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ከዚያ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ከሥር አንድ እፍኝ አፈር አንሱና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ጭብጦ ከተያያዘ፣ በአውራ ጣት ነካ ስታደርጉት ደግሞ ፍርክስክስ ካለ፣ ጊዜው ደርሷል። እንደ ሊጥ ጣት ላይ ከተጣበቀ ተዉት። ጭቃ ሆኖ የተቆፈረ አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ዓመቱን ሙሉ ያስቸግራችኋል። ጨርሶ ካልተያያዘ ደግሞ ዝናቡ ያረጠበው ላዩን ብቻ ነው።

ለወሎ ሰው በልግ ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን ጥሎ ሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። አንድ ዓመት ቸኩዬ የካሮት ዘሬን በሙሉ በጥር መጨረሻ ዝናብ ዘራሁት። አንዲት እንኳ አልበቀለችም። ከዚያ ወዲህ ዘሩን ለሁለት እከፍላለሁ። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

መደቡን በተዳፋቱ አግድም ሥሩት። ቁልቁል ካወረዳችሁት የመጀመሪያው ዶፍ አፈሩንም ዘሩንም ጠራርጎ ቦርከና ወንዝ ይከተዋል። ወርዱ ከአንድ ሜትር ከሃያ አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሃሉ ላይ መድረስ አለበት። መደቡን መርገጥ ክልክል ነው። ፍግ ጨምሩ፣ ግን በደንብ የተብላላ ይሁን። በተለይ ካሮት ትኩስ ፍግ ካገኘ ሥሩ ሹካ ይሆናል።

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይስማሟታል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሳችሁ 600 ሜትር ያህል ወርዳችኋል። ቲማቲምና ቃሪያ የእናንተ ነው። እህቴ እዚያ ናት፤ በሚኒባስ ቲማቲም ትልክልኛለች፣ እኔ ካሮት እልክላታለሁ። ድንች እንቁላል የሚያክለውን መርጣችሁ ብርሃን ባለበት ዘርግታችሁ አጎንቁሉት። ከዚያ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በድንችና በድንች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ትከሉት። ነጭ ሽንኩርቱን ፍሬ በፍሬ ለያይታችሁ፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ።

አሁን ወደ ሸክላው።

ዳብ የጃማይካ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኪንግስተን ውስጥ ተጀመረ። አንድ የሬጌ ዘፈን ይወሰድና ዘፋኙ ይወጣል። ቤዝና ከበሮ ይቀራሉ። ጊታሩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዘፈኑ አንዲት ቃል ድንገት ትመጣና እንደ ገደል ማሚቶ እየደጋገመች ትርቃለች። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስሙን የጠራ ልጅ ይሄን ስሜት ያውቀዋል።

የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ሰው ኪንግ ተቢ ነው። እውነተኛ ስሙ ኦስቦርን ሩዶክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ተወልዶ በ1989 ሞተ። ሙያው ምን ነበር? ሬዲዮ ጥገና! መሣሪያ ተጫዋች አልነበረም፣ ዘፋኝም አልነበረም። ሚክሰር (የድምፅ መቀላቀያ) ላይ ተቀምጦ ይሄን እየቀነሰ፣ ያንን እየከፈተ፣ ድምፁን እያስተጋባ ሙዚቃ ሠራ። ይሄን ያወቅኩ ቀን መበየጃዬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ሊ ፔሪ የሚባለው ሌላው ታላቅ ሰው ደግሞ ስቱዲዮውን ብላክ አርክ ብሎት ነበር፤ ጥቁር ታቦት እንደማለት። እኛ አገር ይሄ ስም ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ።

የእኔ ሸክላዎች 14 ናቸው። የባለቤቴ ወንድም ሻሸመኔ ይኖራል፤ እዚያ ከሰፈሩት የራስተፈሪያን ወዳጆቹ አንድ ሁለት እያለ ያመጣልኛል። እናንተ ሸክላ ከሌላችሁ ከስልክም ይሰማል። ሸክላ ግን ለጓሮ ሥራ አንድ ጥቅም አለው። የትልቁ ሸክላ አንዱ ፊት 20 ደቂቃ ያህል ነው። ሲያልቅ ወገባችሁን ታቀናላችሁ፣ ውሃ ትጠጣላችሁ፣ የሠራችሁትን ዞር ብላችሁ ታያላችሁ። ሰዓት አያስፈልግም። የዳብ ምት ደግሞ ዝግ ያለ ነው። ከሱ ጋር የሚኮተኩት ሰው አይቸኩልም፤ ያልቸኮለ ሰው የጎመን ሥር አይቆርጥም።

ማጫወቻውን ደጅ አታውጡ። አቧራ የመርፌ ጠላት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ የሸክላው። አንድ እሁድ የምወደውን ሸክላ መስኮት ላይ ረስቼ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ተጣሞ አገኘሁት። እስካሁን ያሳዝነኛል። ስለዚህ ማጫወቻው ቤት ውስጥ፣ ስፒከሩ ከመስኮቱ ሥር ይሁን። ቤዝ ግድግዳ አያግደውም፤ የእኛ የጭቃ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀርና ወፍራሙን ያሳልፈዋል። መደቡ ላይ ተንበርክኬ ከጆሮዬ ይልቅ በጉልበቴ የምሰማው ይመስለኛል። አፈር በነካ እጅ ሸክላ አይያዝም። የምትገለብጥልኝ ልጄ ናት፤ አሁን አሁን ቀጥሎ የሚገባውንም እሷው ትመርጣለች።

የሰፈር ነገርም አለ። አዛን ሲሰማ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ዝጉት። ጎረቤት ሐዘን ካለበት ደግሞ እስኪያልፍ ድረስ ጨርሶ አይከፈትም።

ካሮት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። ዘሩን አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቅበሩት። ላዩን ስስ አድርጋችሁ ሣር አልብሱት፣ በየቀኑ ርጩት። በደሴ ብርድ እስኪበቅል ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ይፈጃል። አብሽሩ፣ ይመጣል። ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ሣሩን ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። ክር የሚመስል አረንጓዴ ካያችሁ ሣሩን በዚያው ሰዓት አንሱ፤ አንድ ቀን ከዘገየ ቡቃያው ይቀጭጫል።

ከዚያ የማሳሳት ሥራ ይመጣል። ቡቃያው ጣት ሲያክል በቡቃያና በቡቃያ መካከል ሁለት ጣት ያህል እስኪቀር ድረስ መንቀል አለባችሁ። ከባድ ነው። ስንት ቀን የጠበቃችሁትን ነው የምትነቅሉት። ጎረቤታችን አንዴ አጥሩ ላይ ደገፍ ብላ "ወንድሜ፣ እንዴት አስችሎህ ነው?" አለችኝ። ያስቻለኝ ዳብ ነው። ያን ጊዜ መስኮቱ ውስጥ የሚጫወተው ሸክላ ጊታሩንም ፒያኖውንም አውጥቶ ቤዙን ብቻ ትቶት ነበር፤ ቤዙም ጓሮውን ሞላው። ወደ ላይ አትጎትቱ። የሚቀረውን በግራ እጃችሁ ሁለት ጣት ሥሩ ላይ ያዝ አድርጉ፣ የሚወጣውን በቀኝ እጃችሁ ወደ ጎን ሳብ አድርጉት። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ብቻ። ስትጨርሱ የቀሩት እንዳይናወጡ ቀስ ብላችሁ ውሃ አጠጡ። የነቀላችሁትን አሽትቱት፤ ክር የምታክለው ሥር ከአሁኑ ካሮት ካሮት ትላለች።

መብራት ሲጠፋ ሸክላው ይቆማል። አትናደዱ። የአጭር ሞገድ ምርጡ ሰዓት እሱ ነው።

ሬዲዮ የሚረብሸው ምን እንደሆነ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። የስልክ ቻርጀር፣ ኃይል ቆጣቢ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሁሉም ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይረጫሉ። ሰፈሩ ሲጨልም ይሄ ሁሉ በአንዴ ጸጥ ይላል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው ደካማ ድምፅ ያኔ ብቅ ይላል። ባትሪ ድንጋይ አስቀድማችሁ ግዙ። መብራት ባለበት ቀን ደግሞ ሬዲዮውን ከቤቱ አርቃችሁ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጡት።

አንቴናው ቀላል ነው። አሥር ሜትር ያህል ሽፋን ያለው የመዳብ ሽቦ በቂ ነው፤ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የተፈታም ይሆናል። አንዱን ጫፍ ልጣችሁ በሬዲዮው አንቴና ላይ ቆንጥጡት፤ ሌላውን በናይለን ገመድ ከባሕር ዛፍ ጋር እሰሩት። ከመብራት ሽቦ አጠገብ ፈጽሞ አይዘርጋ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ንቀሉት፤ የደሴ የበልግ መብረቅ የሚያስተርፍ አይደለም።

የት እንፈልግ? ቀን ከሆነ ድግግሞሹ ከፍ ያለውን ባንድ (የሞገድ ክልል)፣ 19 ሜትርና 16 ሜትርን። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ 31፣ ከዚያ ወደ 41ና 49 ሜትር ውረዱ። ሬዲዮአችሁ ላይ ሜትሩ ካልተጻፈ 300ን ለሜጋኸርዙ አካፍሉት፤ 9.5 ላይ ካላችሁ 31 ሜትር ባንድ ውስጥ ናችሁ። አጭር ሞገድ የሚጓዘው ከምድር በላይ ካለው በኤሌክትሪክ ከተሞላ አየር ጋር እየተላተመ ነው። ያ አየር በፀሐይ ስለሚቀያየር ነው ባንዱ ከሰዓት ሰዓት የሚለያየው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ አታባክኑት። የቀኑም የማታውም ባንድ በአንዴ ክፍት የሚሆነው ያኔ ነው።

አባቴ ሬዲዮ የሚከፍቱት ለጀርመኑ ጣቢያ ለዶቼ ቬለ የአማርኛ ዜና ነበር። የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረ ነው። አንቴናውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እጄን ስለቅ ዜናው ይሄዳል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሆንኩት እዚያ ቆሜ ይመስለኛል።

ዛሬ ዜና ለመስማት አጭር ሞገድ የግድ አይደለም። እኔ የምከፍተው ለድምፁ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሳዑዲ የሚመጣው ቁርኣን ጥርት ብሎ ይሰማል። ቻይናዎቹ በየባንዱ አሉ። አንዳንዱ ጣቢያ በሁለት መንገድ ስለሚደርስ ድምፁ ያብጣል፣ ይሟሟል፣ ተመልሶ ይመጣል። ተቢ በእጁ የሠራውን ሰማዩ በራሱ ይሠራዋል። የምታውቁት ቋንቋ ካልሆነ አታልፉት፤ ውሃ ማጠጫውን ይዛችሁ አንዱን መደብ እስክትጨርሱ ስሙት።

አንድ ደብተር ያዙ፤ ዘሩንም ጣቢያውንም አንድ ላይ ጻፉበት። ጣቢያዎቹ ሰዓትና ሞገዳቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀያይራሉ። አንዱ በፈረንጆቹ መጋቢት የመጨረሻ እሁድ ነው፤ በእኛ መጋቢት 16 እና 22 መካከል ይውላል። ያን ሳምንት አዲስ ገጽ ክፈቱ፤ የሁለተኛው ዙር ካሮትም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው ብቅ የሚለው። የአምናው ገጼ ላይ እንዲህ ይላል፦ "መጋቢት 19። ሣሩ ተነሣ፣ ሦስቱም መስመር በቅሏል። መብራት የለም። 31 ሜትር ላይ ከበሮና ሴት፣ ቋንቋው ያልታወቀ፣ እስከ 1 ሰዓት ከሩብ።"