አረንጓዴዋ "ሱሪ" እና የሶፍት ካርቶን

ሊዮን ከተማ ውስጥ በቤቴ ሦስት ሕፃናት እጠብቃለሁ። ትንሹ ገና ሁለት ዓመት ሞላው፤ ትልቋ ሦስት ሊሆናት ነው። "ታታ" ይሉኛል፤ እዚህ ብዙ ልጆች ሞግዚታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ቀኑን ሙሉ የምንዘፍነው "ኮንቲን" የሚባሉትን የሕፃናት መዝሙሮች ነው። አንድ ቀን እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ዩን ሱሪ ቬርት" ስንል ሰማችና "ምነው ልጄ፣ ስለ ሱሪ ነው የምታዘፍኛቸው?" አለችኝ። ሱሪ በፈረንሳይኛ አይጥ ነች፤ መዝሙሩም ስለ አረንጓዴ አይጥ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ለየመዝሙሩ የሚያምር ነገር ካላሠራኋቸው እያልኩ እደክም ነበር። እኔ እቆርጣለሁ፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ እነሱ ኮላ ይልሳሉ። ማታ ወላጆች ያደንቃሉ፤ ልጁ ግን የትኛው የእሱ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አሁን የምሠራው መዝሙሩ ሲዘፈን አገልግሎት ያለውን ነገር ብቻ ነው፦ የሚጎተት፣ የሚመታ፣ የሚጠቀለል። ከዚያ በፊት አራት አምስት ቀን በባዶ እጅ እንዘፍናለን።

አይጧን በሊጥ ጀምሩ። በቡና ስኒ ሁለት ዱቄት፣ አንድ ጨው፣ ሞልቶ ያልሞላ አንድ ስኒ ውሃ፣ አንድ ጠብታ አረንጓዴ የምግብ ቀለም። እሹት፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ጨምሩ። ጨው ስለሚበዛው እንዳይበሉት ከአጠገባቸው አትራቁ። ልጁ ድቡልቡል ያደርገዋል፣ ዓይኑን በጣቱ ይወጋል፣ እናንተ ከስንዝር የማይበልጥ የሹራብ ክር ጭራ ትሰኩለታላችሁ።

ከዚያ ዘፈኑ ራሱ ይመራችኋል። አይጧ ሣር ውስጥ ትሮጣለች፤ አረንጓዴ ፎጣ አንጥፉ። በጭራዋ ትያዛለች፤ ይጎትቷት። "ለእነዚህ ጌቶች አሳየኋቸው" ሲል አሻንጉሊቶቹን ደርድሩና ያሳዩአቸው። ጌቶቹ ዘይት ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ንከሯት ይላሉ፤ ልጁ ጣቱን ዘይት ነክሮ ሊጡን ይቀባል፣ ቀጥሎም ውሃ። መጨረሻ ላይ አይጧ "ትኩስ ቀንድ አውጣ" ትሆናለች። ጭራውን ንቀሉና ሊጡን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ እንደ እባብ ያርዝመው፤ እናንተ አጠማዝዛችሁ ጠቅልሉለት። ያን ሁሉ ጊዜ በእጁ ስለቆየ ሊጡ እውነትም ይሞቃል። ይህን አስቤበት አይደለም፤ ትልቋ ልጅ ናት ጉንጬ ላይ አስጠግታ "ሾ!" ያለችኝ፣ ትኩስ ነው ማለቷ።

ሁለተኛው መዝሙር አቪኞን በምትባል ከተማ ድልድይ ላይ ስለሚጨፍሩ ሰዎች ነው። በእኛ ከተማ የሚያልፈው የሮን ወንዝ ወርዶ ወርዶ አቪኞን ይደርሳል። ድልድዩን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ወንዙ መሐል ድንገት ያልቃል። 22 ቅስት ነበረው፣ ጎርፍ እየደጋገመ አፈራርሶት የቀረው 4 ነው። ሁለት የሶፍት ካርቶኖችን፣ ማለትም ሶፍቱ የሚጠቀለልባቸውን ቱቦዎች፣ በቁመታቸው ለሁለት ብትሰነጥቋቸው ልክ አራት ቅስት ይወጣችኋል። መቁረጡ የእናንተ ነው፤ ልጆቹ በስፖንጅ ቀለም ይቀባሉ፣ ከላይ ረዘም ያለ የካርቶን ቁራጭ በኮላ ያጣብቃሉ። ሰማያዊ ሻሽ ከሥሩ አንጥፉና ጫፉን ወንዙ መሐል ተዉት። ተጣሞ ቢወድቅም ችግር የለም፤ ዋናውም ወድቋል። ድልድዩ ላይ ሁለት ጣታቸውን እንደ እግር ያስጨፍራሉ፤ በዚህ መዝሙር ያሉት ጌቶች እጅ ሲነሱ ልጆቹ ጣታቸውን ያጎነብሳሉ።

ሳይቆረጥ የቀረ አንድ የሶፍት ካርቶን ለመለኪያ አስቀምጡ። በቀዳዳው የሚያልፍ ነገር ሁሉ፣ ዶቃም ይሁን ቁልፍ ወይም ቃጭል፣ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ሊያንቃቸው ይችላል።

"ፍሬር ዣክ" ስለተኛ መነኩሴ ነው፤ የሌሊት ጸሎት ደወል መደወል ነበረበት። የወረቀት ኩባያ ደወል ሞክሬ ነበር፣ ዱብ ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። አሁን የብረት ኩባያ በጆሮው ከወንበር አንጠለጥላለሁ፤ ልጆቹ ጆሮውን ባለቀለም ፕላስተር ይጠቀልላሉ፣ መምቻው ማንኪያ ነው። አንዱ ነጠላዬን ተከናንቦ ይተኛል፣ ሌሎቹ "ተኝተሃል ወይ?" እያሉ ይዘፍኑለታል፣ ተነሥቶ "ዲን ዳን ዶን" ያደርጋል። ተራ የሚጠብቅ የለምና ሁለት ማንኪያ አዘጋጁ።

ለአሻንጉሊቶቹ መዝሙር፣ "ኤንሲ ፎን" ለሚለው፣ ጣታቸው ላይ በሚታጠብ እስክሪብቶ ፊት ሣሉ፤ ሦስት ጊዜ ዞረው ከጀርባ ይደበቃሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የተረፈውን ሊጥ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። በማግስቱ ከረጠበ ትንሽ ዱቄት ይበቃዋል።