ሁሉንም «ማራኪ» ብሎ የመተርጎም ጣጣ

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ እንግዳ ሳስጎበኝ አንዲት እንግሊዛዊት እናትን «ባለቤትዎ በጣም ሰዳክቲቭ ናቸው» ብያቸው አውቃለሁ። ሰውየው በርበሬ መሰሉ። ሴትዮዋ ሳቃቸው አልቆም አለ። እኔ እኮ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ለዛ አላቸው ማለቴ ነበር። የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላቱ ሰዳክቲቭን «ማራኪ» ይለዋላ፣ ምን ላድርግ!

ሰዳክቲቭ የሚያማልል ነው፤ የፍትወት ሽታ አለው። ስለ ሰው ባል ስታወሩ አትንኩት።

ለዛ ላለው ሰው ቃሉ ቻርሚንግ ነው። መልከ መልካም መሆን ግድ አይደለም፣ ፈገግታውና አነጋገሩ ከሳበ በቃ። ለቦታም ይሆናል፦ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን የሚያንጫጩበት፣ «መኪና ግርግር» የሚባለው የጀጎል መንገድ ቻርሚንግ ነው። ግን አንዱ የብልግና ነገር ተናግሮ «ሀው ቻርሚንግ!» ከተባለ ምፀት ነውና «ቴንኪው» እንዳትሉ። ቻርመር የተባለ ሰውም ሁሌ እየተመሰገነ አይደለም፤ አንዳንዴ «አፈ ቅቤ» እያሉት ነው።

ጓደኞቼ ደግሞ የአደሬ (የሐረሪ) ቤትን ግላመረስ ማለት ይወዳሉ። ግድግዳው ሙሉ ስፌት፣ መደቡ ላይ ምንጣፍ፣ በእርግጥ ያምራል። ግላመረስ ግን የፊልም ተዋናይ፣ የውድ ልብስና የካሜራ ብልጭታ ነገር ነው። ቃሉ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከግራመር! ያጣመሙት ስኮትላንዶች ናቸው፤ ድሮ የተማረ ሰው ድግምትም ያውቃል ተብሎ ስለሚጠረጠር፣ ልክ እኛ ደብተራን እንደምንጠረጥረው፣ ግላመር መጀመሪያ አስማት ማለት ነበር። ትምህርት ቤት ያሠቃየን ሰዋስው እንዲህ ዘንጦ ይመጣል ብሎ ማን ገመተ።

ፋሲኔቲንግ ከመልክ ይልቅ የጉጉት ቃል ነው፤ ቀልብን ይዞ አልለቅም የሚል ነገር። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በአፍ በተያዘ እንጨት ሲጎርስ ማየት ፋሲኔቲንግ ነው። የላቲን ሥሩ በዓይን መብላት፣ ያው የእኛው ቡዳ በሉት፤ ጅብና ቡዳን አብሮ ለሚያነሳ አገር ሰው ይሄን ማስታወስ አይከብድም። ልጅቷን ቆንጆ ነሽ ለማለት በዚህ ቃል ከመጣችሁ ግን ስለ መመረቂያ ጽሑፏ የምታወሩ ሊመስላት ይችላል።

አትራክቲቭ ቀላሉ ነው፣ ለመልክም ለዋጋም ይሆናል። ቻርሚንግ ዋጋ ግን አይባልም። ኪዩት ለሕፃንና ለቡችላ ነው፤ እኚያን ሰውዬ «ኪዩት» ብያቸው ቢሆን ኖሮ ጉርሻዬም ይቀር ነበር።