ከአንድ ሞተር ለሁለት ማሳ፦ የብረት ባላ እንዴት ይሠራል

በጋ ሲገባ ፍኖተ ሰላም ብየዳ ቤት ከሚመጡት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ብር ወንዝ ላይ የውሃ ሞተር ያለው ገበሬ በርበሬውንም ሽንኩርቱንም እኩል ማጠጣት ይፈልጋል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጎማ ግን አንድ ነው። ስለዚህ በአንድ አፍ ገብቶ በሁለት የሚወጣ የብረት ባላ ያሠራል።

አንዳንዱ በያጅ ቱቦውን በስቶ ሌላ ቱቦ ጎኑ ላይ ይለጥፍበታል። እኔ አልወደውም። ቀዳዳው ይጠባል፣ ውሃው ይጋጫል፣ አንደኛው ማሳ ውሃ ያንሰዋል። ሦስቱንም ቱቦ በልክ ቆርጦ ማጋጠም ነው የሚሻለው።

ለዚህ 2 ኢንች ጥቁር (ዚንክ ያልተለበጠ) ቱቦ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 35 ሳንቲም የሆነ ሦስት ቁራጭ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብቻ ካገኛችሁ ከምትበይዱበት ጫፍ 5 ሳንቲም ያህል ሽፋኑን በግራይንደር ግፈፉት፤ ሥራውንም ደጅ አውጡት። የዚንክ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል። ወተት ጠጡበት የሚላችሁ አይጠፋም። ወተት ከሳንባ ጭስ አያወጣም፤ ጭሱን አለመሳብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ቆረጣው። የቆረጣው መስመር መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ወረቀቱ ቱቦው ላይ ይጠቀለላል። 2 ኢንች ሲባል የውጭ ስፋቱ 5 ሳንቲም እንዳይመስላችሁ። 60.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 189 ሚሊ ይሆናል። መጀመሪያ ስሠራ 50.8ን በ3.14 አባዝቼ የ160 ሚሊ ወረቀት ቆረጥኩ። ስጠቀልለው ወደ 3 ሳንቲም ጎደለ። የጎደለውን በዓይኔ ገምቼ ቆረጥኩና ስገጥመው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ኤሌክትሮድ ላዩ ላይ እየከመርኩ ሞላሁት። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱ ቅርንጫፎች የሚገናኙበት ሥር ላይ ተሰንጥቆ መጣ። ሰውዬው ማሳው ደርቆበት ነበር፤ ገንዘቡን መለስኩለት፣ ግን የደረቀ ሽንኩርት በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ስሌቱን ተዉትና ወፍራም ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልሉ፤ ጫፍና ጫፉ የሚገጥምበት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ቁረጡ። ወረቀቱ አይዋሽም።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጋማሽ ላይ እጠፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሩብ ሦስት ቦታ ክፈሉት። 12 እኩል ክፍል ይወጣል። በየመስመሩ ከወረቀቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ በሚሊ ሜትር እንዲህ ምልክት አድርጉ። ለሁለቱ ቅርንጫፎች፦ 0፣ 4፣ 7፣ 8፣ 7፣ 4፣ 0፣ 26፣ 45፣ 52፣ 45፣ 26። ለግንዱ (ውሃው ለሚገባበት ቱቦ)፦ 0፣ 4፣ 7፣ 8፣ 7፣ 4፣ 0፣ 4፣ 7፣ 8፣ 7፣ 4። ነጥቦቹን በለስላሳ መስመር አገናኙ። ይህ ልክ ቅርንጫፎቹ በመካከላቸው 60 ዲግሪ ሲከፈቱ ነው። ለ3 ኢንች ቱቦ እያንዳንዱን ቁጥር በአንድ ተኩል አባዙት።

ወረቀቱን ከቱቦው ጫፍ ጋር እኩል አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ መስመሩን በጠመኔ አስተላልፉ። 0 የሆኑት ሁለት ነጥቦች የቱቦው ላይና ታች ናቸው። የቅርንጫፎቹ 52 የገባው ጎን ፊት ለፊት ይተያያል። መስመሩን አንድ ሚሊ ትታችሁ በቀጭን ዲስክ ቁረጡ፣ ቀሪውን በመሳያ ዲስክ አስተካክሉ። የግራይንደሩን ሽፋን ፈትቶ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትፍቱ፤ ዲስክ ሲሰበር የሚሄደው ወደ ፊታችሁ ነው። የውጭ ጠርዙንም ትንሽ አዘንብላችሁ ሳሉት፣ ብየዳው ውስጥ ድረስ እንዲገባ።

ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከመጨረሻው ደግሞ ግራና ቀኝ በ30 ዲግሪ ሁለት መስመር አውጡና ቱቦዎቹን አስተኙበት። በመካከላቸው ሽፋኑ የተራገፈ የኤሌክትሮድ ሽቦ ጣል አድርጉ፣ ክፍተቱ እኩል ይሆናል። በነጥብ በነጥብ ብየዳ ያዙት። ከመቀጠላችሁ በፊት ለኩ፦ ከመገናኛው 30 ሳንቲም ርቀት ላይ የሁለቱ ቅርንጫፎች መሃል ለመሃል ርቀትም 30 ሳንቲም መሆን አለበት። ካልሆነ ነጥቡን ሰብሮ ማስተካከል አሁን ቀላል ነው።

ብየዳው 6013 በሚባለው ዓይነት፣ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ 80 አምፔር አካባቢ። ክረምት ላይ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይይዛል፤ ደረቅና ሞቃት ቦታ አስቀምጡት። ትንሽ በይዳችሁ ወደ ተቃራኒው ጎን ዙሩ፣ ካለዚያ ብረቱ ይጎተትና ባላው ይጣመማል። ቅርንጫፎቹ በሚገናኙበት ሥር ላይ ግን ብየዳ አትጀምሩ፣ አታቁሙም። ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ ሥሩን ሳትቋረጡ እለፉት፤ የእኔ የተሰነጠቀው እዚያ ስላቆምኩ ጭምር ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቅርፊቱን አራግፉ።

ሲቀዘቅዝ ፈትሹት። ብየዳውን ከውጭ በእርጥብ ጠመኔ ቀብታችሁ ይድረቅ። ከዚያ በውስጥ በኩል ብየዳውን በነጭ ጋዝ አርሱና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጠመኔው ላይ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ውሃም እዚያው ያልፋል። ጋዙን በደንብ አጥባችሁና አድርቃችሁ፣ ያንን ቦታ በግራይንደር ገልጣችሁ እንደገና በይዱ።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ከየአፉ 2 ሳንቲም ገባ ብሎ ዙሪያውን አንድ ቀጭን የብየዳ ቀለበት አዙሩ። ሞተሩ ሲጋልብ ጎማው ተንሸራትቶ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው፤ ማሰሪያውን ከቀለበቱ ኋላ ታጠብቁታላችሁ።