የላብራቶሪ ሙከራን ወደ ምርምር ማሳደግ፦ ፔንዱለምና የፈላ ውኃ በሰሜን ሸዋ

በኮሌጅ የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ፔንዱለም (ከክር ጫፍ ተንጠልጥሎ እንደሚወዛወዝ ክብደት) የተለመደ ሙከራ የለም። ተማሪው ክር ያንጠለጥላል፣ ጊዜ ይይዛል፣ የስበት ሽምጠትን ያሰላል፣ በሪፖርቱም መጨረሻ 9.8 ብሎ ይጽፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ላብራቶሪ ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ከተረከብኳቸው ሪፖርቶች ከሁለቱ በቀር ሁሉም በትክክል 9.8 የሚሉ ነበሩ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን የጊዜ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ ስመረምር ብዙዎቹ ከመልሱ ተነሥተው ወደ ኋላ እያሰሉ እንደሞሏቸው ተረዳሁ። ጥፋቱን በእነሱ ላይ ብቻ ልጥል አልችልም፤ ነጥብ የምሰጠው ለመጽሐፉ ቁጥር በቀረቡት መጠን ስለነበር፣ ልማዱን ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ።

ከዚህ በታች የማቀርበው ይህንኑ ሙከራ፣ ከእርሱም ቀጥሎ የፈላ ውኃን ሙከራ፣ ብዙ ገንዘብና ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ ወደ እውነተኛ ምርምር የማሳደጊያ መንገድ ነው። የተጻፈው በተለይ በሰሜን ሸዋ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ዞን ውስጥ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ እስከ 1300 ሜትር ገደማ ያለው ቆላ ድረስ ተማሪ የምናገኝበት ዕድል ለብዙ ኮሌጆች የለም።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት የመጽሐፉን ቁጥር መጠየቅ ነው። 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሚባለው ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላሉ አገሮች የሚገኘው ዋጋ ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ምድር ወገቧ ላይ ስለተለጠጠችና ስለምትሽከረከር፣ በእኛ ኬክሮስ በባሕር ወለል ላይ የሚጠበቀው 9.78 ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 0.003 ገደማ ይቀነሳል፤ የተቆመበት የደጋ ምድር በራሱ ክብደት ጥቂቱን ቢመልስም፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠበቀው ዋጋ 9.77 ገደማ ይሆናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ፓሪስ ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ወደ ደቡብ አሜሪካ ካየን ቢሄድ፣ ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ቀረበት። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፒዬር ቡጌ በከፍታም በምድር ወገብ ቅርበትም ከደብረ ብርሃን ጋር በምትመሳሰለው በደቡብ አሜሪካዋ ኪቶ ፔንዱለም አወዛውዞ፣ ስበት በከፍታ እንዴት እንደሚለዋወጥ መርምሯል። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች በአምስት ደቂቃ መንገር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን እነሱ ራሳቸው ያነሡታል፦ «ታዲያ እኛ ለክተን 9.81ን ከ9.77 መለየት እንችላለን?»

መልሱን ለማግኘት ክሩን ከማንጠልጠል በፊት ወረቀት ላይ ያስቆጥሯቸው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም 50 ሙሉ ምልልስ ለማድረግ ስበቱ 9.81 ቢሆን 100.3 ሰከንድ፣ 9.77 ቢሆን 100.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 0.2 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሰው አይቶ የስልኩን ስቶፕዎች እስኪነካ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ አይቻልም፤ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ግን ያስኬዳል፤ ምክንያቱም ከጣት የሚመጣው መዋዠቅ በአማካዩ ውስጥ ወደ ሦስት እጅ ያህል ይቀንሳል። በርዝመት በኩል ደግሞ አንድ ሚሊሜትር መሳት የስበቱን ዋጋ በ0.01 ያዛባል። አራት ሚሊሜትር የሳተ ቡድን የሚፈልገውን ልዩነት ሙሉ በሙሉ አጥፍቶታል ወይም ከሌለበት ፈጥሮታል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የማይጠረጥረው ማዕዘኑ ነው። የተለመደው ቀመር የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው፤ ፔንዱለሙ ከ10 ዲግሪ ላይ ቢለቀቅና ውዝዋዜው ባይቀንስ፣ የምልልሱ ጊዜ በ0.19 በመቶ ይረዝማል፣ የሚሰላው ስበትም በ0.38 በመቶ ያንሳል። ይህ ማለት ትክክለኛ ዋጋው 9.81 የሆነ ቦታ ላይ እንኳ 9.77 ይወጣል ማለት ነው! አንድ ተማሪ «የደብረ ብርሃንን ስበት አገኘሁ» ብሎ ሲደሰት፣ ያገኘው የራሱን ማዕዘን ሊሆን ይችላል። ማዕዘኑን ከ5 ዲግሪ በታች ለማድረግ ፕሮትራክተር አያስፈልግም፤ የአንድ ሜትሩ ክር ከመሐል ከ8 ሳንቲሜትር በላይ ወደ ጎን እንዳይሳብ ማዘዝ ይበቃል።

የአሠራሩ ዝርዝር ብዙ ሊባልለት አይገባም። ሲባጎ ይለጠጣል፤ ቀጭንና የማይለጠጥ ክር ይሻላል። ከባድ ዳዶ ለማንጠልጠያ ይበቃል፤ ርዝመቱ የሚለካው ግን እስከ ዳዶው ጫፍ ሳይሆን እስከ መሐሉ ነው። ክሩ በምስማር ላይ ከታሰረ ቋጠሮው ስለሚንሸራተት፣ በሁለት ጣውላ መካከል ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ጊዜ መያዝ የሚጀመረው ዳዶው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይሆን በመሐል፣ በጣም ሲፈጥን ነው፤ ጫፍ ላይ ዘግየት ስለሚል የቆመበትን ቅጽበት ዓይን አይለየውም። ቆጠራውም ከ«ዜሮ» ይጀመር። በአንድ ወቅት አንድ ቡድን ደጋግሞ 10.2 አመጣብኝና ክሩንም ሜትሩንም ፈትሼ ምንም ስላጣሁ አጠገባቸው ቆሜ አዳመጥኩ፤ ቆጣሪው ዳዶው ሲለቀቅ «አንድ» እያለ ስለሚጀምር፣ 50 የሚለው በእርግጥ 49 ነበር። በ49 ምልልስ የወሰደውን ጊዜ ለ50 ሲያካፍሉት 10.17 ይወጣል፤ ሒሳባቸው እንከን አልነበረበትም።

ርዝመቱን ከ60 እስከ 140 ሳንቲሜትር በአምስት ቦታ ለውጠው፣ የምልልሱን ጊዜ ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ እንዲያስቀምጡ ያድርጉ። ስበቱ ከመስመሩ ስሎፕ ስለሚገኝ፣ የዳዶውን መሐል በመሳት የመጣው ቋሚ ስህተት መልሱን አይነካውም፤ ለስበት 9.77 የሚጠበቀው ስሎፕ 4.04 ነው። ለየቡድኑ የተለያየ የርዝመት ስብስብ መስጠትም ጥሩ ነው፤ ከጎረቤት የሚቀዳ ቁጥር አይኖርም።

ነጥብ አሰጣጡ ካልተለወጠ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። እኔ አሁን ለመጨረሻው ቁጥር ምንም ነጥብ አልሰጥም። ነጥቡ የሚሰጠው በእስክሪብቶ ለተጻፈ፣ ላልተፋቀ የጥሬ መረጃ ገጽ፣ ለስህተት ወሰኑ አወጣጥና ተማሪው «9.81 ከወሰኔ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» ለሚለው ጥያቄ ለሚሰጠው መልስ ነው። 9.70 ከ0.15 ወሰን ጋር ያመጣና «ሁለቱን መለየት አልቻልኩም» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ያለ ምንም ወሰን 9.77 ከጻፈው ይበልጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቹ አያምኑም፤ ሦስተኛው ሪፖርት ላይ ሲደርሱ ያምናሉ።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ የሚያነሣው ሐሳብ አለ፦ ፔንዱለሙን ይዘን ጣርማ በርን ተሻግረን፣ ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ወርደን እንለካ፤ ስበቱ ይጨምር እንደሆነ እንይ። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እንደቀድሞው በወረቀት ይፈተን። የከፍታው ልዩነት 1500 ሜትር ያህል ስለሆነ የስበቱ ለውጥ ቢበዛ 0.005 ነው። በ50 ምልልስ ውስጥ 0.025 ሰከንድ፣ በርዝመት ሲሰላ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ነው። ክርና ስልክ ይህን አይለዩትም፤ ግራቪሜትር የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ለተማሪው «አይሆንም» ከማለት ይልቅ ይህን ስሌት ራሱ እንዲሠራውና ሐሳቡን ራሱ እንዲጥለው ማድረግ ይገባል፤ በእኔ ግምት በመላው ኮርስ ውስጥ ከሚማረው ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጥ ከብዙ ኪሳራ ያድነዋል።

ጥያቄው ከወደቀ በኋላ ግን በዚያው መንገድ ላይ መሣሪያችን ሊመልሰው የሚችል ሌላ ጥያቄ አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውኃም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሽምብራ ንፍሮ ለምን ማገዶ እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቃሉ። ለውጡ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከ95 እስከ 96 ባለው ይፈላል። ወደ አምስት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት በየአንድ ዲግሪው የተመለከተበት ተራ ቴርሞሜትር እንኳ አያመልጠውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የተራራን ከፍታ ያሰሉ የነበሩትም በዚሁ ዘዴ፣ ውኃ አፍልተው ነበር።

ለመኪናና ለነዳጅ በጀት መጠየቅ አያስፈልግም፤ መንገዱም ሁልጊዜ ለጉዞ የተመቸ አይደለም። ተማሪዎቹ ለእረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ አንዱ ወደ መሐል ሜዳ፣ አንዷ ወደ ዓለም ከተማ፣ ሌላው ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ቴርሞሜትሩን ይዘው ይሂዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ቴርሞሜትሮቹ ሁሉ በአንድ ድስት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ መፈተሽ አለባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንቱን አስሬ በአንድ የፈላ ድስት ውስጥ ስነክራቸው ከ89 እስከ 93 ድረስ የተለያየ አነበቡ፤ ሳልፈትሻቸው ልኬአቸው ቢሆን ኖሮ የመሣሪያውን ልዩነት የከፍታ ልዩነት ነው ብለን እንጽፍ ነበር። እያንዳንዱ ቴርሞሜትር ላይ በፕላስተር ቁጥር ይለጠፍበት፣ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ በመዝገብ ይጻፍ፣ ሲመለስም በዚያው ድስት እንደገና ይፈተሽ።

ልኬቱ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይኑር። የቴርሞሜትሩ እምብርት የድስቱን ወለል አይንካ፤ ወለሉ ከውኃው ይልቅ ይሞቃል። ውኃው ሙሉ በሙሉ ሲንተከተክ ጠብቆ፣ ዓይንን ከምልክቱ ጋር አስተካክሎ፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ ማንበብ ይገባል። ድስቱ የወጥ ድስት ከሆነ በደንብ ይታጠብ፤ በአንድ ሊትር ውኃ 30 ግራም ጨው ቢኖር የመፍያውን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ይጨምረዋል። የቧንቧ ውኃ ግን ለዚህ ሥራ ችግር የለበትም።

የአየር ግፊትን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ባሮሜትር ያላቸው ስልኮች ደብረ ብርሃን ላይ 720 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያሳያሉ፤ የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ደግሞ ለዚያው ከተማ ከ1000 በላይ ይጽፋሉ፤ ምክንያቱም የእነርሱ ቁጥር ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ተማሪው የሁለተኛውን ቁጥር ከወሰደ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ባሮሜትር የሌለው ስልክ የያዘ ተማሪ ከፍታውን በጂፒኤስ ወስዶ ግፊቱን በቀመር ማስላት ይችላል፤ በሪፖርቱ ግን ግፊቱ የተለካ ሳይሆን የተሰላ መሆኑን መጻፍ አለበት።

ሁሉም ሲመለሱ የግፊቱን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በኬልቪን ከተለካው ሙቀት ግልባጭ (አንድ ሲካፈል ለሙቀቱ) ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ያሰፍራሉ። መስመሩ ወደ ታች የሚወርድ ቀጥታ መስመር ይሆናል፤ የስሎፑ መጠን በ8.314 ሲባዛ ውኃ ለመትነን በአንድ ሞል የሚፈልገውን የሙቀት መጠን ይሰጣል፤ የሚጠበቀውም 41 ኪሎጁል ገደማ ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የሙቀት ልዩነት ስድስት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ንባብ ግማሽ ዲግሪ ቢዋዥቅ ውጤቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊወላወል ይችላል። ስለዚህ 41.0 ብሎ የሚመጣን ሪፖርት በጥርጣሬ ያንብቡት፤ 43 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 5 የሚለውን ይመኑት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መዝገቡን ማቆየት ነው። የእያንዳንዱ ልኬት ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታ፣ የቴርሞሜትር ቁጥርና ያልተነካካ ንባብ በአንድ ወፍራም ደብተር ይሰፍር፤ ደብተሩም በላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ካለፉት የቀረችውን ወረዳ መርጠው፣ የአምናውን ቴርሞሜትር በድስቱ ፈትሸው ይጀምራሉ።