መልኩ የተለወጠ ሳንቲም ካገኛችሁ ቶሎ አትፈትጉት

ባለፈው ደብረ ማርቆስ ገበያ በርበሬ ገዝቼ የተመለሰልኝን ስቆጥር በአንድ ብሮቹ መሃል አንዲት አስር ሳንቲም ወጣች። አስር ሳንቲም ከመልስ ጋር ከመጣ ስንት ጊዜው! ይቺ ደግሞ ቢጫነቷ ጠፍቶ ቀላ ብላለች፣ የደጋ አጋዘኑ ቀንድ ሥር ብቻ ትንሽ ቢጫ ቀርቷል። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ "ብርቅ ናት፣ እንዳታጠፊያት" አለችኝ። ብርቅ አይደለችም። አስር ሳንቲም ላዩ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ይለቅና ቀዩ መዳብ ፊቱ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ዓመቱን አንብቡ። ፲፱፻፷፱ ማለት አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ፣ 1969 ነው። ባለ አንድ ብሩ ላይ ያለው ፳፻፪ ደግሞ 2002። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። 1969 የሚለው በየቤቱ ሞልቷል፣ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያወጣም።

ቀጥሎ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። የ1969 አምስትና አስር ሳንቲም ማግኔት አይስባቸውም። በ1996 የተመቱት ግን ውስጣቸው ብረት ነው፣ ላያቸው ብቻ ነው የተለበጠው፤ ልባሱ ሲላጥ ግራጫው ብረት ብቅ ይልና ቡናማ ዝገት ይጀምራል። አረንጓዴ ካያችሁ መዳቡ እርጥበት አግኝቶት ነው። ሁለቱም ሲመታ የተፈጠረ ስህተት ወይም ብርቅ ነገር አይደሉም፣ ጉዳት ናቸው።

በጣም የምወደው የጃንሆይ ስሙኒ ነው። 1936 የሚል ዓመት ያለበት፣ የመዳብ፣ መጀመሪያ ድቡልቡል የነበረ። የዚያን ጊዜ ሽልንግ ደግሞ እውነተኛ የብር ማዕድን ነበረበት። ሰዎች ስሙኒውን ነጭ እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ስላስተላለፉት ነው ኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሞ የተሠራው። እና ነጣ ያለ ድቡልቡል ስሙኒ እጃችሁ ከገባ ጠርዙን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ እዩ። ቀይ መስመር ካለ የድሮ አጭበርባሪ ሥራ ይዛችኋል ማለት ነው፤ እኔ ብሆን ከንጹሑ ይልቅ እሱን አስቀምጣለሁ።

ጎጃም ውስጥ ከእናቶች ሙዳይ ጠገራ ብር አሁንም ይወጣል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ፣ ማርትሬዛው፣ አብዛኛውን ጊዜ 1780 ይላል፣ ይህ የፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በዚሁ ዓመት እየተመታ ስለኖረ ቁጥሩ ብቻ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ማግኔት አይስበውም፣ ጠርዙ ላይ የላቲን ፊደል አለ። ወርቅ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑት፣ ግን እዚያው እንዲቀልጥ አትስጡ።

ጥቁረቱንም ተዉት። ብር በጭስ ቤት ሲከርም ይጠቁራል፣ ያ ጥቁረት ሥዕሉን አይጎዳውም። እኔ አያቴ የሰጡኝን ጠገራ በአመድና በሎሚ ፈትጌ አብረቀረቅኩት፣ የንግሥቲቱ ፀጉር ላይ የነበረው ቀጭን መስመር ሁሉ አብሮ ሄደ። እስካሁን ሳየው ይቆጨኛል። ጭቃ ካለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ በጥጥ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት፣ በጠርዙ ያዙት፣ ከዚያ በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።