ለአሮጌ ቮልስ የዘመኗን የፊት መብራት መምረጥ

ቮልስ የሚያሳድስ ሰው የፊት መብራትን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። ቀለሙ ያልቃል፣ ወንበሩ ይሰፋል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ «መብራቱን ከተገኘው እንገጥምላታለን» ይባላል። እኔም እንደዛ ነው ያደረግኩት። ደሴ ፒያሳ ላይ አቁሜ ቡና ስጠጣ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ የድሮ ሾፌር ናቸው፣ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ልጄ፣ መኪናዋ በኛ አቆጣጠር የሃምሳ ስምንት ናት፣ ዓይኗ የማን ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ግን እውነታቸውን ነበር።

ስለዚህ ከመብራቱ በፊት መኪናህን እወቅ። ሊብሬውን ብቻ አይተህ አትቁም። የኋላውን ወንበር አንሳ፣ መሀል ላይ ከፍ ብሎ በሚያልፈው የሻንሲ ወለል ላይ ቁጥር ተመቶ ታገኛለህ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) የተለመደችው ባለ ጣሪያዋ ቮልስ ቁጥሯ በ11 ይጀምራል፣ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል። 116 ካለ የ1966 ሞዴል ናት፣ 118 ካለ የ1968። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚቀየረው ኦገስት ላይ ስለሆነ በ1967 መጨረሻ የተሠራች መኪና 118 ብትልህ አትደንግጥ።

ይህ ቁጥር ለምን አስፈለገ? ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ለአውሮፓና ለኛ ዓይነቱ አገር የመጡት ቮልሶች የፊት መብራት መስታወታቸው ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ከፓራፋንጎው ጋር አብሮ ወደ ኋላ የተጋደመ ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራፋንጎውም አብሮ ተለወጠ። ለአሜሪካ የተሠሩት አንድ ዓመት ቀድመው ነው የተቀየሩት። እና ልብ በል፣ ቀጥ ያለውን መብራት ለተጋደመው በተሠራ ፓራፋንጎ ላይ መግጠም አይቻልም። «ቆርጠን እንበይድልሃለን» የሚል ባትላሜራ ካገኘህ አመስግነህ ውጣ።

ችግሩ ፓራፋንጎው በብሎን የሚታሰር ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተጋጭታ ስንት ጊዜ ተቀይሮላት ይሆን? የእኔ 116 ትላለች፣ ፓራፋንጎዋ ግን የኋለኛው ነበር። እንዲህ ከሆነብህ ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ የድሮውን ፓራፋንጎ ከነመብራቱ ፈልገህ ሁለቱንም ትቀይራለህ፣ ወይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ የራሱን ቀጥ ያለ መብራት በደንብ ትገጥማለህ። ብርህ ትንሽ ከሆነ ሁለተኛውን ነው የምመክርህ። አንዱ ጎን ተጋድሞ አንዱ ጎን የቆመ መኪናም አይቻለሁ፣ እሱን እንኳን ተወው።

በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ አሜሪካኖቹ ይብሳሉ። የ1932 ፎርድን እያወረዱና እየቆራረጡ ሆት ሮድ የሚሉትን የሚሠሩ ሰዎች አንድ የዱሮ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ መብራት አላቸው፣ ጋይድ 682 ሲ የሚባል፣ እሱን ለማግኘት የማያደርጉት የለም። እዚህ 682 ብትል ሰው የሚያስበው የጭነት መኪናውን ፊያት ኤንትሬን ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ መኪናው የሠላሳዎቹ ከሆነ መብራቱም የሠላሳዎቹን መምሰል አለበት። አሜሪካ ውስጥ መስታወቱና አምፖሉ አንድ ላይ የታሸገው 7 ኢንች ክብ መብራት የመጣው በ1940 ሞዴሎች ላይ ነው። ላንድሮቨር ወይም የድሮ ጂፕ ያለህ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነህ፣ 7 ኢንች ክብ ነገር በቀላሉ ታገኛለህ። ላንድሮቨርህ ላይ ግን መብራቱ ፍርግርጉ ውስጥ ነው ወይስ ፓራፋንጎው ላይ የሚለውን እይ። ወደ ፓራፋንጎ የወጣው በስልሳዎቹ መጨረሻ ነው።

ወደ ቮልስ እንመለስ። መብራት ስትገዛ መስታወቱን ገልብጠህ ጽሑፉን አንብብ። ሄላ ወይም ቦሽ የሚል ካገኘህ ለቮልስ ትክክለኛው ዘር ነው። ከዚያ ቀስት ፈልግ። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። የአውሮፓ ማረጋገጫ ያለው መስታወት ላይ፣ ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ወደ ቀኝህ የሚያመለክት ቀስት ካለ መብራቱ የተሠራው በግራ ለሚነዳ አገር ነው። ቀስት ከሌለው ለኛ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል።

እኛ በቀኝ መንዳት የጀመርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ በፊት በግራ ነበር። ስለዚህ የግራው ዘመን መስታወት እዚህም እዚያም ሊገኝ ይችላል፣ ከውጭ የሚመጣውም አለ። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። አጭሩ መብራት በአንድ በኩል ከፍ ብሎ የመንገዱን ዳር ያበራል፣ የኛ ወደ ቀኝ ነው ከፍ የሚለው። የግራውን ከገጠምክ ከፍታው ከፊትህ በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጥንድ የገዛሁት አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ነው፣ ቀስት የሚባል ነገር ሳላይ። ኮምቦልቻና ደሴ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ማታ ስወጣ ከላይ የሚወርደው ጭነት መኪና ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ ሲሰድበኝ ምን እንዳደረግኩ አልገባኝም ነበር።

ቮልቱን እርግጠኛ ሁን። የድሮዎቹ 6 ቮልት ናቸው። ባትሪው ላይ ሦስት ክዳን ካለ 6፣ ስድስት ካለ 12 ነው፣ ብዙዎቹ ግን ወደ 12 ተቀይረዋል። የ6 ቮልት አምፖል 12 ላይ ወዲያው ይቃጠላል። የ12ቱ 6 ላይ እንደ ኩራዝ ቀላ ብሎ ይበራል። ባለ 6 ቮልት ከሆነችና እንዳለች ማቆየት ከፈለግክ ገመዱን ወፍራም አድርግ። 45 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይስባል፣ በ12 ቮልት ግማሹን ብቻ። «የቮልስ መብራት ደካማ ነው» የሚባለው አብዛኛው ጊዜ የዛገ ገመድና የላላ ኔጋቲቭ ነው። አምፖሉ ጋ ያለውን ቮልት አስለካው፣ ከባትሪው በብዙ ካነሰ መብራት መግዛትህን ተውና ገመድ ግዛ፣ ሪሌም (ከባትሪው ወደ መብራቱ በቀጥታ ኃይል የሚያስተላልፈውን ማብሪያ) አስገባበት።

ትልቅ ዋት አታስገባ። እኔ 100 ዋት ሞክሬ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አምራ ከዚያ የአምፖሉ መቀመጫ ቀለጠ። ኤልኢዲውንም እለፈው። የድሮው አምፖል ውስጥ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች፣ ብርሃኑ ወደማይፈለግበት እንዳይሄድ የምትከልለው እሷ ናት። መስታወቱና ሳህኑም (ከአምፖሉ ኋላ ያለው አንጸባራቂ) የተሠሩት ለዚያች ክር ቦታ ነው። ብዙው ኤልኢዲ እዚያ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ መልኳንም ያበላሸዋል።

ሳህኑን ጨርቅ ይዘህ አትፈትገው፣ የብር ቅቡ ይላቀቃል። ከጠቆረ ጥንዱን ቀይር፣ አንዱን ብቻ አይደለም። ጎሚኒውን (ዙሪያውን የሚያሽገውን ላስቲክ) አዲስ አድርግ፣ አለዚያ የክረምቱ ዝናብ ውስጥ ገብቶ በወር ያዝገዋል።

ደሴና ኮምቦልቻ መሀል የምትመላለስ ከሆነ የጉም መብራትም ያስፈልግሃል። ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ ረጅም መብራት ማብራት ፊትህ ላይ ነጭ አንሶላ መስቀል ነው። ክብ፣ አነስ ያለ፣ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ላይ ወይም ከሥሩ የሚታሰር ጥንድ ፈልግ፣ በዚያ ዘመን ሰዎች ይገጥሙት ነበርና መልኳን አያበላሽም። ቢጫ መስታወት ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ዋናው ግን ዝቅ ብሎ መታሰሩና ብርሃኑ ጠፍጣፋ ሆኖ መሬት መሬት መሄዱ ነው።

ገጥመህ ስትጨርስ ሲመሽ ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቅና አቁማት፣ አንድ ሰው ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ግድግዳው ላይ የመብራቱን መሀል ከፍታ በኖራ ምልክት አድርግ፣ የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፣ ከፍ የሚለው ደግሞ በቀኝ በኩል ይሁን። ቀለበቱ ላይ ያሉትን ብሎኖች በትንሽ በትንሹ አዙር። እና የድሮውን የኒኬል ቀለበት አትጣል፣ ቢያረጅም ቢጎብጥም። አዲስ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ ፓራፋንጎው ላይ አልቀመጥ ይላል፣ እኔ ሦስት ሞክሬ የተመለስኩት ወደ አሮጌው ነው።